የሻምበል ምትክ

ድመቷ የመውጫውን በር ስትቧጥጥ ቀጮ እግሯን ዘርግታ በበሩና በድመቷ መሀል ደነቀረችው። ጭኗ ላይ የባዮሎጂ መጽሐፏ ተከፍቷል። አንዷን መስመር ለስንተኛ ጊዜ እንደምታነባት እሷም አታውቀውም።

«ተይ በናትሽ» አለቻት በሹክሹክታ። «ነገ ፈተና አለብኝ።»

ድመቷ ስለ ፈተና ምን ገዷት። እግሯን ዘላ አለፈችና የበሩን ጠርዝ እንደገና ትሞነጫጭር ጀመር። ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ያለው እንጨት ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ከዚያ ጮኸች። የራብ ጩኸት አይደለም፤ ምግቧ ሳህኑ ላይ እንዳለ ደርቋል። ረዘም ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ጩኸት ነው። ጮኻ ዝም ትላለች፣ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች፣ እንደገና ትጮኻለች።

«ሻምበል ምን ሆኖ ነው?» አሉ አያቷ ከውስጠኛው ክፍል። «በሩ ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም እማማ። ዝም ብሎ ነው።»

«ሻምበል ዝም ብሎ አይጮህም። አምጪልኝ እስቲ።»

ቀጮ በረጅሙ ተነፈሰች። የመዝገብ ስሟ ቀጮ አይደለም፤ ግን ቤት ውስጥ በሌላ ጠርቷት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ክፍል ውስጥ በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት አንዳንዴ አቤት ማለት ትረሳለች። መጽሐፉን ዘጋችና ድመቷን በሁለት እጇ አቅፋ ተነሳች። ድመቷ አልቧጠጠቻትም፣ አልነከሰቻትም። ብትቧጥጣት ይሻላት ነበር።

አያቷ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስኳር በሽታ መጀመሪያ ዓይናቸውን ወሰደ፣ ቀጥሎ የእግራቸውን ሙቀት። በጋ ሆነ ክረምት እግሬ በረደኝ ነው። ካልሲ ቢደረብላቸው፣ ብርድ ልብስ ቢታጠፍላቸው ያው ነው። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እንዳይደረግ ደግሞ ሐኪሙ ከልክሏል፤ ቢያቃጥላቸው አይሰማቸውማ። የሚያስተኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሻምበል መጥቶ እግራቸው ላይ ሲጋደም ክብደቱ ይሰማቸዋል፣ ያኔ ይተኛሉ። ስሙንም ያወጡለት ዓይናቸው ገና ሲያይ ነው። ጭራውን አቁሞ ሲራመድ ሰልፍ የሚጎበኝ ይመስላል ብለው ሻምበል አሉት፣ በዚያው ጸና።

«ና የኔ ጌታ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ና ምን ሆንክብኝ?»

እጃቸው የድመቷን ጀርባ፣ ከዚያ ጎኗን፣ ከዚያ ሆዷን ዳሰሰ። ሆዷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ቀጮ። እጅሽን አምጪ።»

የልጅቷን ጣቶች ይዘው ከጸጉሩ ሥር አስገቡላት። ትኩስ፣ ጠንካራ፣ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ነው፣ ከዚህም ከዚያም።

«ይሰማሻል? እብጠት ነው። አንድ እንዳይመስልሽ። ትናንትም ነበር፣ ግን እንዲህ አልጠነከረም።» ድምፃቸው ወረደ። «አያትሽም እንዲህ ነው የጀመረው። ጎኑ ላይ ነበረች፣ ባቄላ የምታክል ነገር። እኔ ነኝ ያገኘኋት፣ በዚሁ እጄ። ምንም አይደለም ሲለኝ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ቀበርኩት።»

እጇን ስታወጣ ጣቷ ጫፍ ላይ እርጥብ ነገር ተሰማት። አየችው። ነጭ ጠብታ ናት። የባዮሎጂ መጽሐፍ አያስፈልገውም፣ ወተት መሆኑን ማንም ያውቃል።

«ረጠበ እንዴ?» አሉ አያቷ፣ የራሳቸውን ጣት ከጣታቸው እያሻሹ። «ደም ነው? ንገሪኝ፣ ደም ነው?»

«አይ እማማ! ምራቁ ነው። ሲልስ ነው።»

እንዴት ቶሎ እንደመጣላት እሷንም ገረማት። ውሸት ቤታቸው ውስጥ ከገባ ወዲህ እንደ ጨው ሆኗል፣ ማንም ሳይቀምስ አይነሳም።

«ለአጎትሽ ንገሪው» አሉ አያቷ። «ሐኪም ይየው። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። እሱን ደግሞ ዝም ብዬ አልቀብረውም፣ ሞቼ እገኛለሁ!»

እውነቱ ግን ይሄ ነው፤ ሻምበል ከተቀበረ ሳምንት ሊሆነው ነው።

አጎቷ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ጎማ ቤቱም ከሚኖሩበት ፎቅ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ነው። ያን ቀን የቤቱን በር ክፍት የተወው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። አንዱ ሌላውን አልጠየቀም፣ ሁሉም እሱ ራሱ እንዳይሆን ስለፈራ ይመስላል። ሻምበል ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ሊሻገር ሲል ሚኒባስ ገጨው። አጎቷ በአንገቱ የጨርቅ ማሰሪያ ለየው፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ድመቱን ከጎማ ቤቱ ጀርባ ቀበረው።

አያቷ «ወጣ ብሎ ነው፣ ይመለሳል» ተባሉ። መቼም ሰው የሚለው አይጠፋም። እሳቸው ግን ቀን ዝም ብለው ይውሉና ሲመሽ መጣራት ይጀምራሉ። ሻምበል! ሻምበል! ዓይን የሌለው ሰው ሲጣራ ወደየት እንደሚጣራ ስለማያውቅ ወደ ግድግዳውም፣ ወደ መስኮቱም፣ ወደ ጣሪያውም ነው። ከጎናቸው የምትተኛው የቀጮ እናት ናት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ በጠዋቱ ፈረቃ። እሳቸው ሲጣሩ እሷ ስትነሳ፣ ውሃ ስትሰጥ፣ እግራቸውን ስታሽ፣ ይነጋል። እንዲህ ሲሆን ሲሆን አንድ ቀን ማሽኑ ላይ እንዳለች ሸለብ አደረጋት። መርፌው ከነክሩ ጠቋሚ ጣቷን በስቶት ወጣ። ተቆጣጣሪዋ ጣቷን አሸገላትና «ሁለተኛ እንቅልፍሽ ከመጣ ቤትሽ ሂጂና ተኚ» አላት። ቤትሽ ሂጂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከትናንት ወዲያ አጎቷ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ውስጡ ግራጫ ድመት ነበረች፣ ቁርጥ ሻምበልን። የሟቹን ማሰሪያ አንገቷ ላይ አሰረላት፣ ቀጮ ያዘችለት፣ እናቷ በሩን ዘጋች። ሦስቱም ነበሩበት። አያቷ ማሰሪያውን በጣታቸው ዳስሰው «የት ጠፍተህ ነው አንተ ባለጌ!» ብለው አለቀሱ። ድመቷ ፈርታ ይሁን ደክሟት እግራቸው ላይ ተጠቅልላ አደረች። እናቷ ከነልብሷ ተኛች። ቤቱ በሙሉ ተኛ። ቀጮም ተኛች፣ ያውም እንዴት ያለ እንቅልፍ!

አጎቷ የጎማ ሽታውን ይዞ ሲገባ ቀጮ ማዕድ ቤት ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ድመቷን ከየት ነው ያመጣሃት?»

«ከሰማይ ወረደችልኝ። የሚበላ ነገር አለ?»

«ጡቷ ወተት አለው።»

«የማን?»

«የድመቷ ነዋ!»

አጎቷ ድመቷን አንስቶ አምፖሉ ሥር በጀርባዋ ገለበጣት። ለአፍታ አፈጠጠ። ከዚያ ሳቁ አፈነው። «ወይ ጉድ! ሻምበልን ሴት አደረግነው በይኛ!»

«ሳትይዛት አላየህም?»

«አቦ፣ ድመት ስይዝ መታወቂያ አልጠይቅም። ግራጫ ናት? ግራጫ ናት። በቃ።»

«ልጆቿስ?»

ሳቁ ቆመ። ድመቷን አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ዞረ። የአጎቷ እጅ ቢታጠብም ባይታጠብም ጥቁር ነው፤ ዛሬ ግን ሳሙናውን ሊጨርሰው ነው።

«ጋሼ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ጋሼ።»

«አሮጌ ጎማዎቹ ውስጥ ናቸው» አለ ሳይዞር። «ከኋላ የተከመሩት። የከባድ መኪናው ጎማ ውስጥ። ስይዛት አላየኋቸውም፣ እናቴ ትሙት አላየሁም። ትናንት ነው ድምፅ የሰማሁት።»

«እና ምን አደረግህ?»

ውሃውን ዘጋ። «ሬድዮውን ከፍ አደረግሁት።»

ቀጮ አፈጠጠችበት። አጎቷ እጁን በሱሪው አደረቀና ድምፁን ቀነሰ። «እንዲህ አትይኝ። የእናትሽን ጣት አይተሻል? እህቴ በሁለተኛው ጣቷን ሙሉውን ብትሰፋውስ? ድመት ስታለቅስ ብሰማ ይሻለኛል። አንቺስ? እስቲ አንቺ ብትሆኚ የቷን ትመርጫለሽ?»

መልስ ሳይጠብቅ ዞረ፤ አያቷ ከውስጥ ሆነው በስሙ እየጠሩት ነበር።

ሐኪም ቤት ውሰድልኝ አሉት። «አሁኑኑ እማ!» አለና ድመቷን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ወጣ። ቀጮ ቆይታ ብቅ ስትል የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። አንገቱን ደፍቶ ድመቷን በክዳኑ ቀዳዳ ያያታል። ሐኪም ቤት ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ሲመስለው ተነስቶ ገባ።

«ምንም አይደለም እማ። ጋዝ ነው አለ።»

አያቷ ወደ ድምፁ ዞሩ። «በእጁ ነካው?»

«ነካው።»

«አባትህንም ጋዝ ነው ብለውት ነበር» አሉና ድመቷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «አንተ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፣ አታውቀውም። ጋዝ ነው አሉት።»

አጎቷ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። አውቆት ቢሆን ሌላ በሽታ ይመርጥ ነበር። ራቱን ሳይበላ ተመልሶ ወጣ።

እናቷ ስትገባ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አንደኛውን ጫማዋን አወለቀች፤ ሁለተኛውን ረሳችው። የታሸገው ጣቷ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀጥ ብሏል። ቀጮ ሾርባ አቀረበችላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ድመቷ እኮ ልጆች አሏት።»

«እም።»

«እያጠባች ነው። ጋሼ ጋ፣ ጎማ ውስጥ ናቸው። እማማ ደግሞ ወተቱን እብጠት ነው ብለው፣ ሻምበል አያቴን የገደለው በሽታ ይዞታል ብለው እያለቀሱ ነው። እንንገራቸውና እንመልሳት።»

እናቷ ዓይኗን አልገለጠችም። «ነግረን ከዛስ?»

«ከዛማ...»

«ከዛማ እማ ትጣራለች። እስኪነጋ። ከዛ እኔ እሄዳለሁ፣ ማሽኑ ላይ እቀመጣለሁ።» ዓይኗን ገለጠች፤ ቀልቷል። «አንጀትሽ ለድመቷ ተላወሰ። ጥሩ ነው፣ አረመኔ ልጅ አልወለድኩም። ለኔስ? ለኔ ማነው በር የሚቧጥጥልኝ?»

እናቷን ወዲያው ጸጸታት። እጇን ዘርግታ የልጇን ጉንጭ ልትነካ ስትል ጣቷ አመማትና መለሰችው።

«ደክሞኝ ነው» አለች። «ይቅር በይኝ፣ ደክሞኝ ነው። ነገ እንነጋገራለን። እሺ?»

«እሺ።»

ሾርባውን ሳትጨርስ እዚያው አንቀላፋች። ቀጮ ተንበርክካ ሁለተኛውን ጫማ አወለቀችላት። እግሯ አብጧል፤ የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቷል። የቷን ትመርጫለሽ ያለው አጎቷ ትዝ አላት። ምረጪ ማለት ቀላል ነው እንጂ፣ ይሄን እግር እያዩ እንዴት ይመረጣል።

በማግስቱ ፈተናው አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ሲጠይቋት «አለፈ» ብቻ ነው ያለችው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ አያቷ ቁጭ ብለው ነበር፣ እጃቸው ድመቷ ሆድ ላይ። ድመቷ ለመውጣት ስትታገል፣ እሳቸው እብጠቱ እንዳይጨምር ሲጠብቁ፣ ሁለቱም ሳይተኙ አድረዋል። የተኛችው እናቷ ብቻ ናት።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጎማ ቤቱ ሄደች። አጎቷ ቁጢጥ ብሎ የተነፋ የውስጥ ጎማ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። የሆነ ነገር ጎድሏል። ቆይቶ ነው የገባት፤ ሬድዮው ተዘግቷል።

«ተበላሸ እንዴ?»

«አይ» አለ፤ በአገጩ ወደ ኋላ ጠቆማት።

ከጎማ ቤቱ ጀርባ አሮጌ ጎማዎች እላይ በላይ ተከምረዋል። አጠገባቸው አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ፣ ትንሽ። የሻምበል ነው። ከባዱ ጎማ ከታች ነው። ጎንበስ ብላ አየች። ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ የአጎቷ የሥራ ልብስ ነው፣ በዘይቱ ታውቀዋለች። የቆርቆሮ ክዳን ላይ ወተት አለ፣ ዝንብ ገብቶበታል። ግልገሎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ የሷን ጥላ ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉና አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ሦስተኛው ቀና አላለም። ሁለቱ ተጠግተውት ተኝተዋል፣ እንዳልሞተ ሁሉ።

አጎቷ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «ወተቱን ሰጥቻቸው ነበር» አለ። «አልቻሉበትም። በጣቴም ሞከርኩ። ጣቴ ግሪስ ግሪስ ይላቸዋል መሰለኝ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ለማን ልንገር? ለእማ? ለእናትሽ?» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ትናንት ደረጃው ላይ ካርቶኑን ይዤ ልመጣ ነበር እኮ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ። እማን ማን ይነግራታል ብዬ።»

መንገዱ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ አንድ ደንበኛ ጎማዬስ እያለ ይጮሃል። አጎቷ ወደዚያ አልሄደም።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ቀጮ።

«ትወድሻለች፣ አንቺን አትቆጣም።»

«ይቆጡኛል» አለች። «ይቆጡኝ።»

አያቷ ክፍል ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ብታወርድ፣ ብትቀመጥ፣ ውሃ ብትጠጣ፣ ለነገ የሚያሰኛት ነገር እንደማይጠፋ ታውቃለች። ድመቷ የአልጋው ጠርዝ ላይ ናት፣ የአያቷ እጅ አሁንም ሆዷ ላይ።

«እማማ፣ ሻምበል አልታመመም።»

«ጋዝ ነው እንዳትይኝ።»

«ሞቷል። ሳምንት ሊሆነው ነው። መኪና ገጭቶት። ይቺ ሌላ ድመት ናት፣ ሴት ናት። ሆዷ ላይ ያለው እብጠት አይደለም፣ ወተት ነው። ልጆቿን ጥለን ነው ያመጣናት።»

በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። የአያቷ እጅ ከሆዷ ተነሳ። ቀስ ብሎ ጀርባዋን ሄደ፣ ትከሻዋን፣ አንገቷን። ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ግን የሱ ነው።»

«የሱ ነው። ጋሼ ነው ያሰረላት።»

«ከሬሳው ፈትቶ።»

«አዎ።»

«ማን ማን ነው የሚያውቀው?»

«ሁላችንም።»

«ሁላችሁም» አሉ አያቷ። ፊታቸውን ወደሷ አዞሩ፣ ትንሽ ስተው፣ ወደ ትከሻዋ። «እንግዲያው ማታ ማታ ከሱ ጋር ሳወራ ሁላችሁም ትሰሙኝ ነበር። የት ጠፍተህ ነው ስለው፣ ሳለቅስ። ትስቁብኝ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም እማማ! አፈር ልሁንልዎት!»

«አፈር አትሁኚ። አፈር የሆነው ሻምበል ነው።»

ቀጮ እንባዋ መጣ። አላበሰችውም፤ የሚያያት የለም፣ ወዲያው ደግሞ እንዲህ ማሰቧ አሳፈራት።

«ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው፣ ልቤ አልጠፋም» አሉ አያቷ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ጠፋ ስትሉኝ ጠፋ አልኩ፣ መጣ ስትሉኝ መጣ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ማርልኝ ስል አደርኩ። ለካስ አራስ አስሬ ነው የምጸልየው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጆቿ አሉ?»

«ሁለቱ አሉ።»

«ስንት ነበሩ?»

እዚህ ላይ ቀጮ ለአፍታ ዘገየች። ሁለት ነበሩ ብትል ማን ያውቃል?

«ሦስት ነበሩ።»

አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማሰሪያውን መፍታት ጀመሩ። አጎቷ አጥብቆ ነው ያሰረው፤ ቋጠሮው አልላላ አላቸው። ቀጮ ልታግዛቸው እጇን ስትሰድ መቷት። ጠበቀች። ጣቶቻቸው ሳቱ፣ እንደገና አገኙት። ድመቷ ያለወትሮዋ ጸጥ ብላ ቆመችላቸው። ሲፈታ ማሰሪያውን ጨብጠው ያዙትና ድመቷን በሌላው እጃቸው ገፋ አደረጉ።

«ውሰጃት።»

«እማማ፣ ልጆቿን እዚህ ላምጣቸው? ካርቶን አለን። አብረው እዚህ...»

«ሌላ ድመት አልፈልግም» አሉ አያቷ። «እኔ ሻምበልን ነው የምፈልገው።» ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ድመቷ ጎማ ቤቱ ስትደርስ ካርቶኑ እስኪከፈት አልጠበቀችም፣ ክዳኑን በራሷ ገፍታ ወጣች። ወደ ጎማው ገባችና ሁለቱን ግልገሎች እየላሰች በጎኗ ተጋደመችላቸው። ሦስተኛውንም ላሰችው። ብዙ ላሰችው። አጎቷ ማየት አልቻለም፣ ወደ ገንዳው ተመልሶ ውሃውን ያማስል ጀመር። ቀጮ ግን እስኪጠቡ ድረስ ቆመች፣ ማየት ያለባት መስሏት።

ቤት ስትመለስ አያቷ እንደተዋቻቸው ናቸው፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው። አልተኙም፤ ትንፋሻቸው ያስታውቃል። ብርድ ልብሱ ተገፎ እግራቸው ወጥቷል። ነካችው። በረዶ ነው።

«እማማ፣ ላልብስዎት?»

አያቷ ማሰሪያውን ጭብጥ አደረጉት።

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ግርጌ ወጣች፣ እግራቸውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ብርድ ልብሱን ለራሷም ለእግራቸውም ደረበችና በላዩ ጎንበስ ብላ በክንዷ አቀፈችው። አያቷ እግራቸውን ለመሳብ ሞከሩ። ከዚያ ተዉት።

ሲመሻሽ የውጪው በር ተከፈተ። እናቷ የክፍሉ ደፍ ላይ ቆመች፣ ያልታሸገው እጇ ጃኬቷን እንደያዘ። ድመቷ የለችም። አየች። በአያቷ ጭብጥ ውስጥ ያለውን ማሰሪያ አየች። ቀጮን አየች። ሁሉም ነገር ገባት፣ ትከሻዋ ወረደ። ልትቆጣ ነበር መሰል፤ ለቁጣም አቅም ያስፈልጋል።

«ዛሬ የኔ አልጋ ላይ ተኚ እማዬ» አለች ቀጮ። «እዚህ እኔ ነኝ የማድረው።»

«ብትጣራስ?»

«እኔን ነዋ የሚጣሩት።»

እናቷ በሩን ተደግፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ልጇ ክፍል ሄደች። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፣ ከዚያ በኋላ ምንም።

ክፍሉ ጨለማ እየሆነ ሄደ። ቀጮ መብራት ለማብራት አልተነሳችም። ወገቧን አሟታል፣ አንደኛው እግሯ ደንዝዟል።

«ከባድ ነሽ» አሉ አያቷ ድንገት፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ። «ሻምበል ቀላል ነበር።»

«ልነሳ?»

አያቷ ማሰሪያውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ማን ተነሺ አለሽ?»